ቀበሮ የሚኖርበትን ማን ይወስንለታል?

(ለተፈጥሮ ወዳጆች በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ኳሱን ትታችሁ ስለ ቀበሮ ልትሰሙ የመጣችሁ ሁሉ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለነገሩ ከኳሱም ብዙ አልራቅንም። የአልጄሪያ ብሔራዊ ቡድን ሲጫወት ጋዜጠኞቻችን «የበረሃ ቀበሮዎቹ» ሲሉ ሰምታችኋል። ያ ቀበሮ ለማስፈራሪያ የተፈጠረ ስም አይደለም፤ በእውን ያለ እንስሳ ነው። ሲመዘን ግን አንድ ኪሎ ቢሞላ ነው። ወደ እሱ እንመጣለን።

መጀመሪያ ነገሩን እናጥራ። የባሌው፣ የሰሜን ተራሮቹ፣ የጓሳው ቀይ ቀበሮ እውነተኛ ቀበሮ አይደለም። የተኩላ ዘመድ ነው። ዘረ መሉ ሲመረመር የሚቀርበው ለግራጫው ተኩላና ለአሜሪካው ኮዮቲ ነው። ማታ ማታ ከመንደር ጫፍ የሚጮኸው ተራ ቀበሮም፣ ጀርባው የጠቆረውም ከእውነተኛዎቹ አይቆጠሩም። በደቡብ ቆላዎቻችን ምስጥ የሚለቅመው ጆሮ ሰፊው ደግሞ ለብቻው የቆመ ዝርያ ነው። በስም ሁሉም ቀበሮ ናቸው። ሳይንሱ ግን «ቩልፔስ» በሚለው ወገን ውስጥ የመደባቸው 12 ዝርያዎች ብቻ ናቸው። አፋቸው ሾጠጥ ያለ፣ እግራቸው አጠር ያለ፣ ጅራታቸው የተንዠረገገ፣ የዓይናቸው ብሌን ቁልቁል የተሰነጠቀ። ዛሬ የማወራው ስለ እነሱ ነው።

ሰው አንድ እንስሳ የት እንደሚኖር ሲጠይቅ ቶሎ የሚመጣለት የአየር ጠባይ ነው። ብርድ ይወዳል? ሙቀት ይችላል? መጥፎ ጥያቄ አይደለም። ለቀበሮ ግን ሁለት ሌሎች ጥያቄዎች ይበልጥ ይሠራሉ ባይ ነኝ። ምን ይበላል? ማንን ይፈራል? የቀበሮን ካርታ የሚሥሉት በአብዛኛው ጎረቤቶቹ ናቸው።

ከትልቁ እንጀምር። ከ12ቱ በአካልም በዝናም የሚበልጠው ባለ ቀይ ፀጉሩ፣ ጅራቱ ጫፍ ላይ ነጭ ያለው ነው። በእንግሊዝኛም ስሙ «ቀይ ቀበሮ» ስለሆነ፣ ከኛው ጋር እንዳይምታታብን ዛሬ «የፈረንጅ ቀበሮ» ልበለው፤ የፈረንጅ ላም እንደምንለው። ከአየርላንድ እስከ ጃፓን፣ ከአላስካ እስከ አሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ይኖራል። በአፍሪካ ከሞሮኮ እስከ ቱኒዚያ አለ። በግብፅም አለ፤ የአባይን ሸለቆ ይዞ እስከ ሱዳን ይወርዳል። እስራኤል ወይም ሳዑዲ ያሉ ዘመዶቻችሁ ማታ ከመንገድ ዳር ቀበሮ አየን ካሉ፣ ብዙ ጊዜ ያዩት እሱን ነው። በዱር ከሚኖሩ ሥጋ በል አራዊት እንደ እሱ ሰፊ መሬት የያዘ የለም።

ምስጢሩ ሆዱ ነው፤ የማይበላው ነገር የለም። አይጥ፣ ጥንቸል፣ የመሬት ትል፣ ፍራፍሬ፣ ጥንብ፣ የሰው ትራፊ፣ ሁሉንም ይበላል። በረዶ ሥር የተደበቀች አይጥ እንኳ አታመልጠውም። ጆሮውን ቀስሮ ያዳምጥና ወደ ላይ ዘሎ በአፍንጫው ይወርድባታል። በዚህ ላይ የቼክ ተመራማሪዎች በ2011 ያሳተሙት ጥናት የሚገርም ነው። አይጧ በረዶ ወይም ረጅም ሣር ሥር ስትሆን፣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ዞሮ የዘለለ ቀበሮ ከአራት ሦስቱን ጊዜ ያህል ይቀናዋል። ትክክል በተቃራኒው አቅጣጫ ሲዘልም ብዙ አይከፋውም። በሌሎቹ አቅጣጫዎች ግን ከአምስት አንዴም አይሞላለት። ተመራማሪዎቹ የምድርን መግነጢስ ርቀት ለመለካት ይጠቀምበታል ብለው ነው ያስረዱት።

ከተማም ገብቷል። ለንደን ውስጥ ቀበሮ ማየት ወሬ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። በ2011 «ሻርድ» የተባለው ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ሲሠራ አንድ ወጣት ቀበሮ ደረጃውን ወጥቶ 72ኛ ፎቅ ላይ ተገኘ። እዚያ ሆኖ ሠራተኞቹ ያስተረፉትን ምግብ እየበላ ነበር። ቁመቱ፣ ብርዱ፣ ጫጫታው ግድ አልሰጠውም። ምግብ አለ፤ የሚያባርረው ጉልበተኛ የለም። ለእሱ ይበቃል።

ይህ ሁሉን ቻይ ግን ወደ ሰሜን እየሄደ እየሄደ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ያለው የአርክቲክ ቀበሮ አገር ነው። የአርክቲክ ቀበሮ ትንሽ ነው። ከሦስት እስከ አምስት ኪሎ ቢመዝን ነው። ጆሮው አጭር፣ አፉ አጭር፣ መዳፉ ከሥር ሳይቀር ፀጉር የለበሰ። በጋ ላይ ቡናማ፣ ክረምት ላይ ነጭ ይሆናል። የክረምት ጋቢው እንዲህ ነው፦ ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ አካባቢ ካልደረሰ በቀር መንቀጥቀጥ አይጀምርም።

እና ብርድ ስለሚወድ ነው እዚያ የሚኖረው? አይደለም። አይስላንድን ተመልከቱ። እዚያ የፈረንጅ ቀበሮ የለም። ሰው መጀመሪያ ሲሰፍርባት በአገሩ ላይ ያገኘው ብቸኛ የየብስ አጥቢ የአርክቲክ ቀበሮ ነበር። ከባሕር ዳር እስከ ተራራ፣ ለእርሻ እስከሚቀርበው ሜዳ ድረስ ተንሰራፍቶ ይኖራል። ዓሣም ወፍም እንቁላልም ይበላል። ብርዱ ትንሽ ቀለል ቢልለት ቅሬታ የለውም ማለት ነው። በኖርዌይና በስዊድን ግን ታሪኩ ሌላ ነው። እዚያ የፈረንጅ ቀበሮ አለ። ሲገናኙ ትልቁ ትንሹን ያባርራል፤ ጉድጓዱን ይቀማል፤ አንዳንዴም ይገድለዋል። ስለዚህ የአርክቲኩ ወደ ራሰ በራ ተራሮች ተገፍቷል።

ትልቁንስ ወደ ሰሜን እንዳይዘልቅ ማን ያዘው? ረሃብ። ትልቅ አካል ብዙ ቀለብ ይፈልጋል፤ ዋልታው አካባቢ ደግሞ ያን ያህል የለም። ስለዚህ የአንዱን ዳር ድንበር ምግብ ይወስናል፤ የሌላውን የመጀመሪያው ቀበሮ። አሁን ምድር እየሞቀች ስትሄድና ሰው ከነቆሻሻው ወደ ሰሜን ሲዘልቅ፣ ትልቁም እየተከተለ እየገፋ ነው። ስዊድን የአርክቲክ ቀበሮን እንዳይታደን የከለከለችው በ1928 ነው፤ ኖርዌይ በ1930 ተከተለች። ከዚያ በኋላ ብዙ አሥርት ዓመታት ቢያልፉም እንደሚጠበቀው አልበዛም። ዛሬ የሚደረግለት እርዳታ ራሱ ሁለቱን ጥያቄዎቻችንን የተከተለ ነው። ክረምት ላይ ምግብ ይቀመጥለታል፤ የፈረንጅ ቀበሮ ደግሞ ከአካባቢው በአደን ይቀነስለታል።

የዚህን ትንሽ እንስሳ ጉልበት ሳልነግራችሁ ባልፍ ግን ይቆጨኛል። በ2018 የኖርዌይ የዋልታ ተመራማሪዎች አንገቷ ላይ መከታተያ ያሰሩላት ወጣት ሴት ቀበሮ የኖርዌይ ከሆኑት የስቫልባርድ ደሴቶች ተነሥታ በባሕር በረዶ ላይ ግሪንላንድን ተሻግራ ካናዳ ገባች። ኤልስሚር ደሴት እስክትደርስ 3,506 ኪሎ ሜትር በ76 ቀን ሄዳለች። በአንድ ቀን ብቻ 155 ኪሎ ሜትር የተጓዘችበት ጊዜ አለ። ለማነጻጸር ያህል፣ ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን ደርሳ ትንሽ ተመልሳለች እንደማለት ነው። ያን ሁሉ የሄደችበት ድልድይ የባሕር በረዶ ነው። እሱም በየዓመቱ እያነሰ ነው።

አሁን ኮት እናውልቅና በረሃ እንግባ።

የአልጄሪያዎቹ ፌኔክ ከ12ቱም ትንሹ ነው። ጆሮው ግን እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ሰሃራ የእሱ ነው፤ ከሞሮኮ እስከ ሲና፣ በደቡብ እስከ ኒጀርና ሱዳን። ጆሮው ሁለት ሥራ አለው። አሸዋ ሥር የምትንቀሳቀስ ነፍሳት ያዳምጥበታል፤ የገላውንም ሙቀት ያስወጣበታል። ሙቀቱ ሲጠናበት በደቂቃ እስከ 690 ጊዜ ይተነፍሳል። የሚጠጣ ውሃ ባያገኝም ከሚበላው ከሚያገኘው እርጥበት ኖሮ ይውላል። ቀኑን ጉድጓድ ውስጥ ያሳልፋል። በረሃውን የመረጠው ስለተመቸው ብቻ አይደለም። እዚያ አሸዋ መሀል ትልልቆቹ ጠላቶቹ ብዙም አይዘልቁም። በነገራችን ላይ መልኩ ስለሚያምር ብቻ እንደ ቤት እንስሳ የሚገዙት አሉ። ሌሊቱን ሙሉ የሚቆፍር እንስሳ ምንጣፍ ያለው ቤት ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ገምቱት።

ከፌኔክ ቀጥሎ የሩፔል ቀበሮ ይመጣል። ከሰሃራ ተነሥቶ በዓረብ ምድር አድርጎ እስከ ፓኪስታን ይዘልቃል። ስሙ ከኛ ጋር የተያያዘ ነው። ኤድዋርድ ሩፔል የፍራንክፈርት ሰው ነበር። በ1830ዎቹ መጀመሪያ በምፅዋ ገብቶ እስከ ሰሜን ተራሮችና ጎንደር ደርሷል። ዋልያን፣ ጭላዳንና የኛን ቀይ ቀበሮ ለሳይንሱ ዓለም በጽሑፍ ያስተዋወቀው እሱ ነው። ሦስቱንም! በስሙ የተሰየመለት ቀበሮ ግን ከዚያ በፊት ከሰሜን አፍሪካ ጉዞው የመጣው ነው። ይህ የሩፔል ቀበሮ እስራኤል ውስጥ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ምክንያቱን ገምታችኋል። ኔጌቭ በረሃ ውስጥ ሰፈራና እርሻ ሲስፋፋ ውሃና ቆሻሻ መጣ። ውሃና ቆሻሻውን ተከትሎ የፈረንጅ ቀበሮ መጣ። ሰፋሪው ለሩፔል ቀበሮ አንድ ድንጋይ እንኳ አልወረወረም፤ ጎረቤት ነው ያመጣበት።

ከዚያው አገር ሳንወጣ የብላንፎርድን ቀበሮ እንይ። ይህኛው ገደል ወዳድ ነው። እስከ ሦስት ሜትር ይዘላል፤ ቀጥ ያለ ቋጥኝ ይወጣል፤ ረጅም ጅራቱ ሚዛን ይጠብቅለታል። ለረጅም ጊዜ የኢራን፣ የአፍጋኒስታንና የፓኪስታን እንስሳ ብቻ ይመስል ነበር። በ1981 እስራኤል ውስጥ ተገኘ። ከዚያ በሲና፣ በዮርዳኖስ፣ በሳዑዲ፣ በኦማንና በኤምሬትስ ተራሮች መኖሩ ተረጋገጠ። አዲስ መጥቶ አይደለም። በሌሊት ገደል ለገደል የሚሄድ አንድ ኪሎ እንስሳ ማን ያየዋል? ፍራፍሬም አብዝቶ ይወዳል። የፈረንጅ ቀበሮ እንዲህ ዓይነት ገደል ለመውጣት ስለማይመቸው፣ ቋጥኙ ለትንሹ እንደ አጥር ሆኖለታል።

ፈዛዛው ቀበሮ ደግሞ የሳህል ነው። ከሴኔጋልና ከሞሪታኒያ ጀምሮ በሰሃራና በሳር ምድሩ መሀል ያለውን ቀጭን መቀነት ይዞ እስከ ሱዳንና ኤርትራ ይመጣል፤ የኛንም ሰሜን ምዕራብ ጠርዝ ይነካል። ከእውነተኛዎቹ ቀበሮዎች አገራችን ውስጥ ስሙ የሚጠራው በዋናነት እሱ ነው። ስለ እሱ የተጠናው ጥቂት ነው፤ ያሳዝናል። ለነገሩ አፍሪካ ለዚህ ወገን እንግዳ አገር አይደለችም። ቻድ ውስጥ «ቱማይ» የተባለው ጥንታዊ ቅሪት የተገኘበት አካባቢ፣ ወደ 7 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ የቀበሮ ቅሪተ አካልም ተገኝቷል። ከእውነተኛ ቀበሮ ቅሪቶች እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት ነው።

ከምድር ወገብ በስተደቡብ በተፈጥሮ የሚገኘው አንድ ብቻ ነው፤ የኬፕ ቀበሮ። ደቡብ አፍሪካ፣ ናሚቢያ፣ ቦትስዋናና የአንጎላ ደቡብ ምዕራብ። የቤንጋል ቀበሮ ደግሞ ከሂማላያ ግርጌ እስከ ሕንድ ደቡብ ጫፍ ያለው የሣር ሜዳ ነዋሪ ነው። ጫካም ተራራም አይወድም። ሁለቱን በዚህ ልለፋቸው።

ልቆይበት የምፈልገው ቲቤት ላይ ነው። የቲቤት ቀበሮ ከ3,500 እስከ 5,200 ሜትር ከፍታ ላይ ይኖራል። ፊቱ አራት ማዕዘን ነው፤ ፎቶውን ስታዩ የተኮሳተረ የመንደር ሽማግሌ ይመስላችኋል። የሚበላው በዋናነት ፒካ ነው፤ ፒካ ማለት የጥንቸል ዘመድ የሆነች፣ ጉድጓድ የምትምስ ትንሽ ፍጥረት። ድብ ፒካ ፍለጋ መሬቱን ሲቆፍር ቀበሮው ከኋላ ይከተለዋል። ከድቡ ያመለጠችውን እሱ ይቀበላታል። በአምባው ላይ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፒካዎች ለከብት ግጦሽ ጠንቅ ናቸው ተብለው በብዛት በመርዝ ተገድለዋል። ፒካ የሌለበት ቦታ ላይ የቲቤት ቀበሮን መፈለግ ድካም ነው።

ይህን ስሰማ የባሌው ሰነቴ አምባ ነው ትዝ የሚለኝ። እዚያም ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ውርጭ፣ ሣር፣ የአይጥ ጉድጓድ። የኛ ቀይ ቀበሮ ከሚበላው እጅግ አብዛኛው አይጥና ፍልፈል ነው። ትልቁ ፍልፈል ባሌ ውስጥ ብቻ ነው የሚገኘው። ጓሳ ላይ ደግሞ ጎረቤቱ ጭላዳ ነው። በ2015 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ቀይ ቀበሮ ብቻውን ሲያድን ከአራት አንዴ ይቀናዋል። ሣር በሚግጡ ጭላዳዎች መሀል ሲያድን ግን ከሦስት ሁለቴ። ጭላዳዎቹም አይሸሹትም፤ ልጆቻቸውን አይነካማ። ድብ ለቲቤቱ፣ ጭላዳ ለጓሳው። በዘር ተኩላ ነው፤ በሥራው ግን የቀበሮ ኑሮ ነው የሚኖረው። እኔ በግሌ «ቀበሮ» ብለው ስም ያወጡለት አባቶች ኑሮውን በደንብ አይተውታል እላለሁ።

ከቲቤት በስተሰሜን በካዛክስታንና በሞንጎሊያ ሜዳ ኮርሳክ አለ። ጥልቅ በረዶ ላይ መራመድ አይሆንለትም። ጉድጓድም ብዙ ጊዜ ራሱ አይምስም፤ ማርሞት የምትባለው እንስሳ የለቀቀችውን ቤት ይከራያል። ያለ ኪራይ።

አሜሪካ ስንሻገር ሁለት ትንንሽ ቀበሮዎች እናገኛለን። በመሀል አገሩ ሜዳ ስዊፍት፣ በደቡብ ምዕራቡ በረሃና በሜክሲኮ ኪት። ሁለቱም የሚፈሩት አንድ ነው፤ ኮዮቲ። አብዛኞቹን የሚገድላቸው እሱ ነው። ከእሱ የሚያመልጡት ጉድጓድ ውስጥ በመግባት ስለሆነ ዓመቱን ሙሉ ከጉድጓድ አይርቁም። ስዊፍት ካናዳ ውስጥ በ1938 ለመጨረሻ ጊዜ ታየና ጠፋ። ሜዳው ታርሶ ነበር፤ ለተኩላና ለኮዮቲ የተቀመጠውን መርዝም እሱ በላው። ከ1983 ጀምሮ እንደገና ተለቀቀ፤ ዛሬ አልበርታና ሳስካችዋን ውስጥ በዱር እየተራባ ይኖራል። ኪት ደግሞ ካሊፎርኒያ ቤከርስፊልድ ከተማ ውስጥ በየትምህርት ቤቱና በየጎልፍ ሜዳው ጉድጓድ ምሶ ይኖራል። ከተማ ውስጥ ኮዮቲ ይቀንስለታል። ግን ተጠጋግቶ መኖርም ዋጋ አለው፤ ከ2013 ጀምሮ እከክ ገብቶ ብዙዎቹን ጨርሷቸዋል።

እስካሁን ያወራነው እንስሳቱ በራሳቸው ስለደረሱበት ቦታ ነው። ሰው ያደረሳቸውስ? አውስትራሊያ ቀበሮ አልነበራትም። እንግሊዞች በፈረስ ማሳደድ ናፍቋቸው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አመጡት። በ1870ዎቹ ሜልበርን አካባቢ በዱር መራባት ጀመረ። ከዚያ እነሱው ያመጡትን ጥንቸል ተከትሎ፣ ከሞቃቱ ሰሜን በቀር አህጉሩን አዳረሰ። ቀበሮን አይተው የማያውቁ ትንንሽ የአገሩ እንስሳት መሸሽ እንኳ አያውቁም ነበር። ዛሬ በምዕራብ አውስትራሊያ በመርዝ ይዋጉታል። መርዙ በአገሩ ቁጥቋጦዎች ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኝ ስለሆነ የአገሩ እንስሳት በደንብ ይችሉታል። የመጤው ሆድ ግን አይችለውም።

የአላስካው አሉሺያን ደሴቶች ታሪክ ከዚህም ይብሳል። ከ1750 ጀምሮ የሩሲያ ነጋዴዎች፣ በኋላም አሜሪካውያን፣ ለቆዳው ብለው ቀበሮ እየወሰዱ በየደሴቱ ለቀቁ። ቀለብ መስጠት አላስፈለጋቸውም፤ የባሕር ወፍ ሞልቷል። ቀበሮዎቹ ወፎቹን ፈጇቸው። አንድ የዝይ ዝርያ ጠፋ ተብሎ ከቆየ በኋላ በ1962 ቀበሮ ባልተለቀቀባት ቡልዲር በተባለች ደሴት ተገኘ። ነገሩ በወፍ አላበቃም። ወፎቹ ዓሣ በልተው በደሴቱ ላይ ኩስ ይጥሉ ነበር፤ ያ ማዳበሪያ ነው። ወፉ ሲጠፋ ማዳበሪያው ቀረ፤ የለመለመው ሣር ቦታውን ለአጫጭር ቁጥቋጦ ለቀቀ። ቀበሮዎቹ ከ1949 ጀምሮ ከደሴት ደሴት ተለቅመው ሲወጡ ዝይው ተመለሰ፤ በ2001 ከአደጋ መዝገብ ወጣ።

ከጥያቄ በፊት አንድ የመጨረሻ ነገር። ጎረቤት ከሚያመጣው ሁሉ ክፉው በሽታ ነው። አውሮፓ ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታን ከቦታ ቦታ ያዛምት የነበረው የፈረንጅ ቀበሮ ነበር። መጀመሪያ የተሞከረው መግደል ነው፤ አልሠራም። በ1978 ስዊዘርላንዶች የዶሮ ጭንቅላት ውስጥ ክትባት አድርገው በሸለቆ በተኑ። ቀበሮው በልቶ ተከተበ። ዘዴው ተስፋፋ፤ ምዕራብ አውሮፓ በዚህ መንገድ በሽታውን ከቀበሮዎቿ አጠፋች። በ2018 ደግሞ ይኸው ሐሳብ ባሌ ደረሰ። ክትባት የያዘ ሥጋ ለኛ ቀይ ቀበሮ ማኖር ተጀመረ። በዓለም የቀሩት አዋቂዎች ከ500 በታች ስለሆኑ፣ አንድ ወረርሽኝ ምን እንደሚያደርግ ባሌ ላይ ደጋግመን አይተናል። በሽታው የሚመጣባቸው ከእረኛውና ከመንደሩ ውሻ ነው። ስለዚህ ውሾቹም ይከተባሉ፤ ሥራው በየዓመቱ የሚደገም ነው፤ ቡችላ በየዓመቱ ይወለዳላ። እዚህ ካላችሁት ውስጥ በደጋው ዘመድ ያለው ሰው ካለ፣ ውሻውን ማስከተቡን ይጠይቅልኝ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልስማ።